ሰማያዊው ቀለም እምቢ ያለ ዕለት

ሐዋሳ በምሠራበት የአፈር ላቦራቶሪ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከሀገረ ሰላም አካባቢ ደጋ ቀይ አፈር ይዛ መጣች። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፤ አሲዳማው አፈር ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ግን ለሰብሉ የሚያስፈልገውን ፎስፈረስ ጨምድዶ ይይዝበታል። ከፍግና ከተክል ሥር የሚወጡት ኦርጋኒክ አሲዶች ያስለቅቁት እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች።

አፈሩን በውሃ፣ በአሴቲክ፣ በኦክሳሊክና በሲትሪክ አሲድ ለየብቻ በጥብጠን ሼከር (መነቅነቂያ ማሽን) ላይ አዋልነው። አጣርተን ሞሊብዴትና አስኮርቢክ አሲድ ጨመርንበት። ፎስፈረስ ካለ ሰማያዊ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ይደምቃል። የውሃው እንኳ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሲያወጣ የሲትሪኩ ቱቦ ግማሽ ሰዓት ጠብቀነውም ጥርት እንዳለ ቀረ። የቀለሙን ድምቀት በሚለካው መሣሪያ 882 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ ሳነበው ከብላንኩ፣ ማለትም ፎስፈረስ ከሌለበት ማነጻጸሪያ፣ አልተለየም። «ሲትሪክ አላስለቀቀም» ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። የልጅቷ ፊት ሲጨልም አየሁ፤ የሁለት ዓመት ልፋቷ ነው።

አንጋፋው ባልደረባችን መዝገቡን አይቶ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ጎጃም ውስጥ ግብጦ በተጎዳ መሬት ላይ የሚበቅለው በምን ይመስልሃል? ሥሩ ሲትሪክ እያመነጨ አይደል እንዴ? በል እስቲ ልኩን የምታውቀውን ፎስፈረስ ጨምርበት» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» ብዬ እኩል ስታንዳርድ፣ ማለትም ልኩ የታወቀ የፎስፈረስ ውህድ፣ ለሁለቱም ጨመርኩ፤ አንዱን በተጣራ ውሃ፣ አንዱን በሲትሪኩ ቱቦ። የውሃው ዓይኔ እያየ ሰማያዊ ሆነ። የሲትሪኩ ንቅንቅ አላለም። በእጄ የጨመርኩትን ፎስፈረስ እንኳ ደበቀኝ!

ለካ ሲትሪክ አሉሚኒየሙን አንቆ ፎስፈረሱን እንደሚያስለቅቅ ሁሉ፣ ሞሊብዴቱንም አንቆ ቀለሙን ይከለክላል። ያስለቀቀበት ጉልበት ራሱ ነው ያስለቀቀውን የሸፈነብን።

አቅጥነን፣ ብላንኩንና ስታንዳርዶቹንም ያንኑ ያህል ሲትሪክ ጨምረን እንደገና አዘጋጀን፤ የጨመርነው ፎስፈረስ ተመልሶ መነበቡን አረጋግጠን ለካን። ኦክሳሊኩንም እንዲሁ። ሁለቱ ባስለቀቁት ፎስፈረስ አሴቲኩን ጥለውት ሄዱ። ያስኬዳል፤ አሴቲክ ብረትና አሉሚኒየም የሚይዝበት አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው፣ ኦክሳሊክ ሁለት፣ ሲትሪክ ሦስት። ልጅቷ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ረጅም ጊዜ አየችው።

የመዝገቡን መስመር ሰርዤ ፈረምኩበት። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። አምና ለአንድ ተመራማሪ የሰጠሁትን የሲትሪክ ውጤት ከሼልፍ አውጥቼ አየሁ፤ ስታንዳርዱ በውሃ የተዘጋጀ ነው። ጠዋት ደወልኩለትና ከአፈሩ የተረፈ ካለ ይዞልኝ እንዲመጣ ለመንኩት።