ችፕሱም እኮ የጾም ነው

ሰሞኑን ጾም አይደል፣ የቢሮአችንን ጠረጴዛ ብታዩት ሱቅ ነው የሚመስለው፣ ብስኩት ችፕስ ለስላሳ ምናምን። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃ እንኳን አትቀምስም፣ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ግን መጀመሪያ የምትከፍተው ምሳ ዕቃዋን ሳይሆን የችፕሱን ላስቲክ ነው። ምነው ስላት «የጾም ነው እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ድንች ዘይት ጨው፣ ምኑ ያስገድፋል?

ግን ሽሮውም የጾም ነው፣ ለምንድነው ታዲያ ሁሌ ሽሮው የሚሸነፈው? ሆድ ባዶ ሲሆን ቶሎ ኃይል የሚሰጥ ነገር ያምረዋል፣ ጨውና ቅባት አንድ ላይ ሲመጣ ደግሞ አእምሮ ድገም ድገም ይላል። ችፕስ ኮርሸም ስታደርጉት አፍ ላይ ይጠፋል፣ የሚታኘክ ነገር የለውም፣ ሆድ ጠገብኩ እስኪል ላስቲኩ ባዶ ሆኖ ጣት መላስ ተጀምሯል።

ኬቨን ሆል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2019 እ.ኤ.አ ያወጣው ጥናት አለ፣ 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ 2 ሳምንት የፋብሪካ ምግብ 2 ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ እያቀረበ ያሻችሁን ያህል ብሉ አላቸው። የቀረበላቸው ስኳሩም ጨዉም ቅባቱም ተመጣጣኝ ነበር፣ ግን የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፣ ክብደትም ጨመሩ፣ አበላላቸውም ፈጠን ያለ ነበር። ስለዚህ ልጅቷን ሆዳም ማለት አይቻልም፣ ምግቡ ራሱ ነው ሰው የሚያሯሩጠው።

እኔን የሚያናድደኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ጎመኑ አልጫ አልጫ ይላታል፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትከድነዋለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ራበኝ ብላ ብስኩት ፍለጋ ትወጣለች። ሁሉንም አጽዋማት ለሚጾም ሰው እኮ ይሄ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው፣ ግማሽ ዓመት እንዲህ የለመደ ምላስ ፋሲካ ሲደርስ ለስላሳውን የሚተው ይመስላችኋል? ጾሙ የምግብ ፍላጎትን ለመግታት ነበር፣ እኛ ቅቤ አለው የለውም የሚለውን ብቻ ይዘን ቀረን (የቄስ ነገር ተናገርኩ መሰለኝ፣ ይቅርታ)።

እኔ አሁን መጀመሪያ ምሳዬን ነው የምበላው፣ ችፕሱን ከዛ በኋላ። ከጠገብኩ በኋላ ስከፍተው ግማሹ ይተርፈኛል፣ የተረፈውን ልጅቷ ትጨርስልኛለች።