ከገመዱ በፊት ሜትሩ፦ በዋሻ ክበባችን የቅየሳ ልምምድ
አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ በመሆኑ፣ እኛ የምንፈልገውን ዓይነት የኖራ ድንጋይ ዋሻ እዚህ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ የምንሰበሰብ የክበቡ አባላት የምንለማመደው መብራቱን ባጠፋንበት የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አብዛኛው አዲስ አባል የሚጓጓው ለገመድ ቢሆንም፣ እስካሁን ከቀሰምኩት ሁሉ የላቀ ጥቅም ያገኘሁት ከቅየሳ ነው።

አንዱ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ወደፊት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከቆመበት ነጥብ ርቀቱን፣ የኮምፓሱን አቅጣጫና የመሬቱን ተዳፋት ያነባል፤ ሦስተኛው በየነጥቡ እስከ ግራና ቀኝ ግድግዳ እንዲሁም እስከ ጣሪያና ወለል ያለውን ለክቶ ከንድፉ ጋር ይመዘግባል። ከዚያም ከአዲሱ ነጥብ ወደ ኋላ ተዙሮ ይለካል፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች በ180 ዲግሪ ገደማ ካልተለያዩ ሥራው ይደገማል። በምድር ቤታችን በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ ቀስቱን ስለሚጎትተው፣ ምሰሶ አጠገብ የተነበበ ቁጥር ፈጽሞ አይገጥምም። ዋሻ ውስጥ ፌሮ ባይኖርም የራስ መብራቱ ባትሪ ያንኑ ያደርጋል፤ መብራትን ከኮምፓስ የማራቅ ልማድ የሚያዘው እንግዲህ እዚሁ ነው።

ቅየሳ ዝግታን ያስገድዳል፤ በዝግታ የሚሄድ ሰው የት እንደሚረግጥና ምን እንደሚነካ ያያል። በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ ዋሻዎች ከወለል የበቀሉ የኖራ ዓምዶች በየዓመቱ የሚደርቡት ስስ ሽፋን፣ ተመራማሪዎች የጥንቱን የዝናብ ሁኔታ እንዲያጠኑ አስችሏል። ከእጅ የሚቀር ቅባት እንኳ የዓምድን ዕድገት ሊያውክ ስለሚችል፣ ክበባችን ሁሉም አባል መጀመሪያ በተከፈተው አንድ መስመር ብቻ እንዲሄድ ያዛል።

በባሌ የሚገኘው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሶፍ ዑመር እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዛውያን ቡድን ስለተቀየሰ ካርታ አለው፤ ይሁንና ካርታ መያዝ ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ዋሻው የጸሎት ስፍራ ስለሆነ አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ማነጋገርና የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ ግድ ነው። በውስጡ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ስለሚነሣ፣ በዋሻው አፍ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውኃው ሊሞላ ይችላል።

ብዙም ስላልታወቁ ዋሻዎች የክበባችን ደንብ ጥብቅ ነው፦ ካርታው ለአካባቢው አስተዳደርና ለተመራማሪዎች ይሰጣል፣ የመግቢያው ቦታ ግን ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም። አንዳንድ አባላት ይህን ንፍገት ይሉታል፤ እኔ ግን ስሙን በከሰል ግድግዳ ላይ ካልጻፈ የጎበኘ የማይመስለው ሰው ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ደንቡን እደግፋለሁ።