የጎሚስታ ቤት ጎርፍን በበርሜል ማጣራት

ድሬዳዋ ላይ ዝናብ ጠፍቶ ከርሞ የመጀመሪያው ሲጥል፣ ከጎሚስታ ቤት ደጃፍ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነው። ዘይትና አቧራ ብቻ አይደለም፤ ከጎማ የተፋቀ ዱቄትም አለበት። በርሜሉን የሠራሁት ለዚህ ውሃ ነው።

ጎማ ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ አየር ውስጥ ካለው ኦዞን ከተባለ ጋዝ ጋር ሲገናኝ 6ፒፒዲ-ኩዊኖን ይሆናል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ኮሆ ሳልመን የተባለው ዓሣ እንቁላል ሊጥል ከባሕር ወደ ጅረት ሲወጣ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይሞት ነበር። ገዳዩ ይኸው ውሁድ መሆኑ የታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ገደማ ግማሾቹን ይገድላል። ዘመዱ ቸም ሳልመን ግን በዚያው ውሃ ይኖራል፤ ስለዚህ አንድ የዓሣ ዝርያ ስለተረፈ ውሃው ደህና ነው አይባልም። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ባሕር አይደርስም፣ ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ ይሰርጋል። የምንጠጣው ከጉድጓድ ነውና ይህ አያጽናናኝም።

እዚያው ዋሽንግተን ግዛት በተደረገ ሙከራ፣ የመንገድ ጎርፍ በ60 በመቶ አሸዋና በ40 በመቶ ኮምፖስት ውስጥ ካለፈ በኋላ ኮሆው አልሞተም። መጠኑን የወሰድኩት ከዚያ ነው።

ክዳኑ የተቆረጠ የ200 ሊትር በርሜል፣ ከሥሩ የአንድ ኢንች መውጫ ቱቦ። ታች 15 ሴ.ሜ ጠጠር፣ በላዩ 5 ሴ.ሜ ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ 3 ጀሪካን አሸዋ ከ2 ጀሪካን ኮምፖስት ጋር ተደባልቆ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ ቅልቅሉ 40 ሴ.ሜ ይሞላል፤ ከላይ የሚቀረው ሩብ ሜትር ውሃው የሚጠራቀምበት ነው። 40 ካሬ ሜትር ሲሚንቶ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 400 ሊትር ስለሚወርድ፣ በርሜሉ ሁሉን አይችልም። የመጀመሪያውን ጥቁር ውሃ ይቀበል፣ የተረፈው በጎን መፍሰሻ ይሂድ።

ያስቸገረው አሸዋው ነው። የደቻቱ አሸዋ ደለል አለበት። ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ ሞልተው ይበጥብጡና አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ከላይ የተኛው ልም ደለል ከጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፈ ይታጠብ። ሳላጥብ ያስገባሁት ላይ ላዩን እንደ ሊጥ ጋግሮ ውሃውን መለሰው። ደቃቅ ጠጠሩን የጨመርኩትም ከተማርኩ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በቦታው ጆንያ አንጥፌ ነበር፣ ተደፈነ።

ኮምፖስቱን ከገራባ፣ ማለትም ከጫት ትራፊ፣ አዘጋጀሁት፤ እንጨቱ ሳይበሰብስ ስለገባ የሚወጣው ውሃ ሻይ መሰለ። ጫት ላይ መድኃኒት ስለሚረጭም፣ ዛሬ የዛፍ ቅጠልን ከጥቂት የፍየል በጠጥ ጋር እመርጣለሁ። አፈር አፈር እስኪሸት ይብላላ፤ ከዝናብ በፊትም ውሃው እስኪጠራ ንጹሕ ውሃ ይለፍበት።

ጎማውን ለመለየት ጨው በጠገበ ውሃ ላስንሳፍፈው ሞክሬ ሰመጠ፤ ቅንጣቱ የመንገድ ድንጋይ ተጣብቆበት ይከብዳል። የሠራው አጉሊ መነጽርና መርፌ ነው። ጥቁሩን ቅንጣት በመርፌ ጫፍ ሲጫኑት ተጨፍልቆ ተመልሶ ከተነሳ ጎማ፣ ከተቀባ ወይም ከተሰበረ አስፋልት ነው። በዚህ መንገድ ከበርሜሉ በሚወጣው ውሃ ቅንጣት እንዳነሰ አየሁ። ኩዊኖኑን ግን ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል የላቦራቶሪ መሣሪያ እንጂ ዓይን አይለካውም፤ ውሃው ይጠጣል አልልም።

የላይኛው 5 ሴ.ሜ በደረቅ ወቅት ተጠርጎ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰር፤ ሰላጣና ጎመን ሥር አይደፋ፣ አይቃጠል። በቦታው ከግማሽ ጀሪካን ጥቂት የበለጠ አዲስ ቅልቅል ይበቃዋል።