ለሎሚ ጓደኛ ስፈልግ ጋሼ መጣ

የሎሚ ባል የሞተው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው የሚያዝያ መጨረሻ ሙቀት ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ጠዋት ስንነሳ አረንጓዴው ወፍ ኬጁ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ሎሚ እንጨቷ ላይ ሆና ቁልቁል ታየዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምጿ ጠፋ።

ሎሚ ባጂ ናት። ቢጫ፣ 36 ግራም የምትመዝን፣ ዘሯ ከአውስትራሊያ የሆነ ትንሽ በቀቀን። ከአፍንጫዋ ላይ ያለው ቆዳ ቡናማ ስለሆነ ሴት መሆኗን እናውቃለን፤ የወንዱ ሰማያዊ ነው። ባጂ በአገሩ በመንጋ የሚኖር ወፍ ነው፤ ብቸኝነትን አያውቅበትም። ልጄ አዘነችላትና ትንሽ መስታወት ሰቀለችላት። ሎሚም የበላችውን ጥሬ እያወጣች መስታወቷን ስታጎርስ ዋለች። ይህን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ጓደኛ መፈለግ አለበት አልኩ።

ትክክለኛው ነገር ሌላ ባጂ ማምጣት ነበር። ያኔ አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ግን ትንሽ ወፍ መቅበር ሰልችቶኝ ነበር። ባጂ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ ትልቅ ይሁን፣ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ቶሎ የማይሞት ይሁን አልኩ። ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ በቀቀን ትከሻዬ ላይ ቢቀመጥ እያልኩ እመኝ ነበር። በሎሚ አሳብቤ ለራሴ ነበር የምፈልገው።

ወሬው ሰፈራችንን ከዚራን አዳረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረምሳ በሬን አንኳኳ። እጁ ላይ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«በቀቀን ይፈልጋሉ ብለውኝ ነው» አለ።

ሻሹን ገለጥ ሲያደርገው ሆዱ ብርቱካን የመሰለ፣ ጀርባው ቡናማ፣ ዓይኑ ቀይ ወፍ ነው። የእኛው ቆላ ወፍ። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ ባለው ደረቅ የግራር አገር የሚኖር ነው። ደማቁ ብርቱካን ሆድ የወንዱ ነው፤ ሴቷ አረንጓዴ ናት። የክንፉ ላባ በመቀስ ተከርክሟል፤ አንደኛው ከሌላው አጥሯል። ልጁ ጣቱን ሲያስጠጋለት እስከ ደም ነከሰው።

«አቦ፣ ይለምዳል! ሳምንት አይፈጅበትም!»

የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ ማሳደር በሕግ አይቻልም። ግን ሕጉ ባይኖርም የዚያን ወፍ ዓይን አይቶ እሺ የሚል አንጀት አልነበረኝም። ወደ ቦታው መልሰው አልኩት። «እርስዎ ቢተዉት ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሎኝ ሄደ። ምናልባት ልክ ነው። ያ ወፍ የት እንደደረሰ ዛሬም አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ምክር በየአቅጣጫው መጣ። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ግራጫውን የአፍሪካ በቀቀን ካልያዝክ አለኝ። እሱ 400 ግራም ገደማ ነው፣ የሎሚን አሥር እጥፍ ይበልጣል። ምንቃሩ የዘንባባ ፍሬ ይሰብራል፤ የሎሚን እግር ምን እንደሚያደርገው ማሰብ ነው። ከዱር እየተያዘ ሊያልቅ ስለሆነም በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ከዱር የተያዘውን ዓለም አቀፍ የንግድ ሽያጭ ከልክለዋል። ለዚያውም 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። እኔ ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። ለልጄ ወፍ አውርሼ ልሙት? ላቭበርድ የሚባለውን ትንሽ በቀቀን ያዝ የሚሉም ነበሩ። ስሙ ፍቅር ነው እንጂ ከሌላ ዘር ወፍ ጋር ሲገጥም ለጠብ የሚቸኩል ፍጡር ነው።

በመጨረሻ ኮካቲየል የሚባለው በቀቀን ላይ ወደቅኩ። ግራጫ አካል፣ ቢጫ ፊት፣ ጉንጩ ላይ ብርቱካናማ ክብ፣ አናቱ ላይ ቁንጮ። እሱም አውስትራሊያዊ ነው፤ የሚበላው ከሎሚ ብዙ አይለይም። በደህና ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ጠባዩም ለዘብ ያለ ነው። አዲስ አበባ ውጭ አገር ለመሄድ የተነሱ ባልና ሚስት አራት ዓመት ያሳደጉትን ወንድ ሰጡኝ። ልጄ ቁንጮውን አይታ «ይሄ እንኳን ጋሼ ነው የሚባለው» አለች። ጋሼ ሆኖ ቀረ።

ጉዞው አሳሩን አብልቶታል። በሌሊት ብንነሳም አዋሽ ላይ ፀሐዩ ያዘን። ጋሼ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ ክንፎቹን ከጎኑ አርቋቸዋል። ወፍ አያልበውም፣ ሙቀቱን የሚያወጣው እንደዚያ ነው። የረጠበ ነጠላ በካርቶኑ አንድ ጎን ላይ ጣል አድርጌ በሌላው በኩል አየር ተውኩለት። ሲነሳ 91 ግራም የነበረው ድሬ ሲገባ 85 ሆኗል። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ላባው ስለሚሸፍነው ሲከሳ በዓይን አይታይም። ሚዛን ግን አይዋሽም። ለዚያውም እኛ የምናውቀው የእንስሳት ሐኪም የግመልና የፍየል ሰው ስለሆነ ቶሎ ማወቁ ለእኔ ዋናው መድኃኒት ነው።

አዲስ ወፍ በቀጥታ ከነባሩ ጋር አይገባም። የላባ ብናኝ ተላላፊ በሽታ ይዞ ይመጣል፣ ከበቀቀን ወደ ሰው ሳንባ የሚተላለፍም አለ። ስለዚህ ጋሼን ሳቢያን ሰፈር ያሉት አማቴ ቤት አስቀመጥኩት። አርባ ቀን አልኳቸው።

«ወንድ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ክርስትናው ደረሰ በላ!»

ያጣላን ቡናው ነው። ወፍ ጭስ አይችልም። የአየር አሳላፊው ከእኛ የተለየ ነው፤ የሚገባውን አየር ጥሩም ይሁን መጥፎ አሟጦ ይጠቀምበታል። ምግብ የማይዝ (ኖንስቲክ) መጥበሻ ባዶውን ሲግል የሚወጣው ጭስ ብቻውን ይገድለዋል። የቡና ቆላ ጭስና ዕጣን ደግሞ አማቴ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ነው። «ለወፍ ብዬ ቡናዬን በረንዳ ላይ ላፍላ?» ብለው አኮረፉ። በማግስቱ ረከቦቱ በረንዳ ላይ ነበር። እስካሁንም እዚያው ነው፣ ነፋሻ ነው ብለው።

በአርባ አንደኛው ቀን ሁለቱን ኬጆች በሳሎኑ ሁለት ጫፍ አስቀመጥን። ጋሼ ቁንጮውን ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ ደንግጧል ማለት ነው። ሎሚ ግን ከሞተው ባሏ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። ቀጥላ ተንጫጫች። ልጄ እንባዋ መጣ። እኔም፣ ትንሽ።

በየሦስት አራት ቀኑ ኬጆቹን እያቀራረብን ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔ ጋሼ እንዳይጎዳት ነበር የምጠብቀው። ትልቁ እሱ አይደል? አንድ ማለዳ ሁለቱንም ለቀቅናቸው። ሎሚ በቀጥታ በርራ ጋሼ አጠገብ አረፈች። ቁንጮው አናቱ ላይ ተኛ፣ እፍፍ አለ። ተዪኝ ማለቱ ነው። ሎሚ ምን ገዷት። ጎንበስ አለችና ጣቱን ነከሰችው።

ደሙ ሶፋው ላይ ተንጠባጠበ። እሱን የሚያክል ወፍ በጠቅላላው ያለው ደም ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ስለዚህ ጥቂት ጠብታ ብሎ ነገር የለም። የበቆሎ ዱቄት ጣቱ ላይ ጠቅ አድርጌ ያዝኩት። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ግን አመት ሆነብኝ። ቆመ። ሎሚ መጋረጃው ላይ ሆና ላባዋን ታበጥራለች።

በኋላ ሳነብ ለካ የታወቀ ነገር ነው። ባጂ፣ በተለይ ሴቷ፣ ደፋርና ነዝናዛ ናት። ኮካቲየል ደግሞ ጠብ ሲመጣ የሚሸሽ ነው። እኔ ግራሙን ሳነጻጽር ጠባዩን ረሳሁት። መጠኑን አይቼ ለትንሿ ፈራሁ፤ መፍራት የነበረብኝ ለትልቁ ነው።

አንድ ኬጅ ውስጥ የማሳደሩን ሐሳብ ያን ቀን ተውኩት። ሁለት ኬጅ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ። ሽቦው ራሱ አይስማማቸውም፤ ለጋሼ የሚመቸው ሰፊ ክፍተት የሎሚን ጭንቅላት ያስገባና ይይዘዋል። የጋሼን ያሠራሁት ብየዳ ቤት ነው። ልጁ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ልቀባው ሲል እምቢ አልኩ። በቀቀን ሽቦ ሲያላምጥ ይውላል፣ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚባለው ብረት ደግሞ ይመርዘዋል።

የተቀረው ቀስ በቀስ የተለመደ ነው። ጋሼ ላባው ዱቄት ያራግፋል፤ ጥቁሩ ቴሌቪዥን ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። አስም ያለበት ቤት ቢሆን አልመክርም ነበር። መብራት ጠፍቶ ድመት ቆርቆሮው ላይ ሲዘል ጋሼ በጨለማ እየተደናገጠ ከኬጁ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት አጠገቡ ያድራል። የሱፍ ፍሬ ለእሱ እንደ ጮማ ስለሆነ እየቆጠርኩ ነው የምሰጠው፤ ማሽላ ግን በዛላው። አቮካዶ መርዛቸው ስለሆነ ስፕሪስ ከወፎቹ ፊት አይጠጣም። ጫት ቤት ውስጥ አይዘረጋም፤ ጓደኞቼ በዚህ አኩርፈዋል። ከሁሉ የከበደኝ የጣሪያው ቬንትሌተር ነው። ወፍ ሲበር የሚሽከረከረው የቬንትሌተሩ ክንፍ አይታየውም። ግንቦት ላይ ቬንትሌተር አጥፍቶ መቀመጥ ስለማይታሰብ ከንጋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው የሚለቀቁት። ቤተሰቡ ሁሉ በወፍ ሰዓት ነው የሚነሳው።

የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። «ይዋለዳሉ?» አይዋለዱም። «ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» ይተያያሉ። አንዱ ሲበላ ሌላው ይበላል። ጋሼ ልጄ የጎረቤቱን ልጅ የምትጠራበትን ፉጨት ለምዷል። ልጁ ሁለቴ በከንቱ ሮጦ መጥቷል። ሎሚም ፉጨቱን በራሷ ቋንቋ አሳጥራ ትደግመዋለች።

መስታወቱን ያነሳሁት ባለፈው ወር ነው። አልፈለገችውም። በነገራችን ላይ ጋሼ ትከሻዬ ላይ አይቀመጥም። የሚቀመጠው የአማቴ ትከሻ ላይ ነው፣ እሁድ እሁድ ሲመጡ።