በዳሩ የገባው ቀይ ጥብጣብ
ዛሬ ሜሪላንድ ባለው ቤቴ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በገጣጠምኩት ኩዊልት (የተደራረበ ብርድ ልብስ) እና በሰማያዊው የዳር ጨርቅ መካከል ቀጭን ቀይ ማድመቂያ ሳስገባ ዋልኩ። 2.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ለሁለት ታጥፎ በካውያ ከተተኮሰ በኋላ፣ እጥፋቱ ወደ መሃል ዞሮ ክፍት ጠርዙ ከኩዊልቱ ጠርዝ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ፣ ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ላላ ባለ ስፌት ይያያዛል፤ ከዚያም የዳሩ ጨርቅ ተደርቦ ከጠርዙ 6 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ሲሰፋ፣ ከቀዩ የሚታየው 6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥብጣቡ እየተሰፋ ከተሳበ ዳሩ ይኮማተራል። አራቱን ጎኖች ለየብቻ ቆርጦ ማዕዘኑ ላይ ማደራረብ፣ አንዱን ጥብጣብ ዙሪያውን ከማዞር እጅግ ይሻላል እላለሁ። (ቀይ ጨርቅ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል አስቀድሞ መታጠብ አለበት።) ሰማያዊው ራሱ የጎላው ቀዩ ከጎኑ ከገባ በኋላ መሆኑ በጣም አስደስቶኛል፤ ለነጠላ ጥለት ቀለም ሲመረጥም የሚታሰበው ይኸው ነው።