ሁርሶ፦ ወደ አብዬ ከመሄዴ በፊት የነበሩት ሳምንታት

በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ አዳማንና አዋሽን አልፈን፣ የጨርጨርን ተራሮች ወጥተን ቁልቢ ስንደርስ ብዙዎቻችን ከመኪናው ሳንወርድ ወደ ገብርኤል ዞረን አማተብን። ከደንገጎ ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የደጋው ብርድ ወደ ኋላ ቀርቶ ወላፈን ተቀበለን። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በሚያልፍበት ቆላ፣ ለሰላም ማስከበር የሚሰማሩ ሻለቆች የሚዘጋጁበት የሁርሶ ማሠልጠኛ ይገኛል።

የምንሄድበት አብዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለ፣ ሁለቱም የኔ ነው የሚሉት ምድር ነው። ንጎክ ዲንካዎች በቋሚነት ይኖሩበታል፤ ሚሴሪያ አርብቶ አደሮች ደግሞ በበጋ ከሰሜን ከብቶቻቸውን እየነዱ፣ ዲንካዎች ኪር ወደሚሉት ወንዝ ለውኃና ለሣር ይወርዳሉ። የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ባጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 1990 እስከ 4,200 ወታደር እንዲሰማራ ሲፈቅድ ኃላፊነቱን የተሸከመችው ኢትዮጵያ ነበረች።

ስለ ክትባቱ፣ ስለ ወባ መከላከያው፣ ስለ ፈንጂ ጥንቃቄና ስለ ካርታ ንባብ ብዙ አልጽፍም፤ እነዚህን ማንም ትጉህ ወታደር ይማራቸዋል። ከባዱ ትምህርት በኪሳችን እንድንይዛት በተሰጠችን ትንሽ ካርድ ላይ ያለው የኃይል አጠቃቀም ደንብ ነበር። እኔ ወታደር ከሆንኩ ጀምሮ የተማርኩት ጠላትን ቀድሞ ማየትና ቀድሞ መተኮስ ሲሆን፣ በዚህ ግን ጠላት የሚባል ወገን አልነበረም፤ በድምፅ ማስጠንቀቅ፣ መሣሪያን ማሳየት፣ የማስጠንቀቂያ ተኩስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የመጨረሻው እርምጃ ይመጣል። በሌላ በኩል ያው ውሳኔ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ምዕራፍ ሰባት መሠረት፣ የሚያሰጋ ጥቃት የተደቀነበትን ሰላማዊ ሰው እንድንጠብቅ ያዘናል፤ ስለዚህ መታገሥ ብቻውን አይበቃም፣ ዝም ብሎ ማየትም ጥፋት ነው።

ልምምዱን የምንሠራው በግራር ሥር በተዘጋጀ ኬላ ላይ ነበር። ግማሾቻችን መሣሪያ የያዙ እረኞች እየሆንን እንመጣለን፣ ግማሾቻችን እናስቆማለን። በመጀመሪያው ቀን የኔ ጓድ አንድ «እረኛ» ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አይቶ «ተኩስ» ከፈተበት። ቀደም ሲል በላይቤሪያ ያገለገሉት አሠልጣኛችን ሻምበል ባሻ ልምምዱን አስቁመው፣ «መሣሪያውን ለምን እንዳወረደ ጠይቃችሁታል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። መልሱን የሰጠን የቦረና ተወላጅ የሆነ ባልደረባችን ነው፤ ከብት የሚነዳ ሰው ጠመንጃ የሚይዘው ለአውሬና ለቀማኛ መሆኑን፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሊነጋገር ሲቆምም ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ሊደገፈው እንደሚችል በረጋ አንደበት አስረዳን። እኔ እስከ ዛሬ የማምነው፣ ከተሰጠን ገለጻ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን የእርሱና እንደ እርሱ ከአርብቶ አደር ቤት የወጡ ወታደሮች እውቀት መሆኑን ነው፤ ያም እውቀት በሥልጠናው መርሐ ግብር ውስጥ የራሱ ሰዓት ሊኖረው ይገባ ነበር።

ሥልጠናው ሊጋመስ ሲል፣ ሚያዝያ 26 ቀን፣ የንጎክ ዲንካው ታላቅ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በሰላም አስከባሪው ኃይል ታጅበው ሲጓዙ ጥቃት ደርሶባቸው ከአንድ ሰላም አስከባሪ ጋር መገደላቸውን ሰማን። በዚያ ሌሊት በድንኳናችን ውስጥ ቶሎ የተኛ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ወደ ኬላው ስንመለስ ቀድሞ ሲሳሳቅ የነበረው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ሻምበል ባሻም ያንኑ ልምምድ ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ደጋግመው አሠሩን፣ አንድም ቃል ግን አልጨመሩም። በግንቦት ወር ምክር ቤቱ የኃይሉን ጣሪያ ወደ 5,326 ከፍ ማድረጉ ሲነገረን፣ ከእኛ በኋላ ብዙዎች እንደሚከተሉ ገባን።

ከመነሣታችን በፊት በተሰጠን አንድ ቀን ፈቃድ ድሬዳዋ ገባሁ። ደመወዜን እንድትቀበልልኝ ለባለቤቴ የሚላከውን የውክልና ወረቀት አስጨርሼ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ። የአለቃውን መገደል በሬዲዮ ሰምታ ነበር።

«ልጄ፣ መሣሪያ ይሰጧችኋል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ይሰጡናል።»

«ጥይቱም በቂ ነው?»

«በቂ ነው።»

«እንግዲያ ማን ይነካሃል» ብላ ደጋግማ መረቀችኝ። ስለ ካርዷ ልነግራት አፌን ከፈት አድርጌ ነበር፤ ነገር ግን ድምፅዋ ገና መረጋጋቱ ስለነበር «አሜን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።