ማታ ማታ የሚጻፉ ሁለት መስመሮች

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! የድሮ ተማሪዎቼ፣ ወላጆች፣ በስም ብቻ የምንተዋወቅ ሁላችሁም፣ በተለይ ደግሞ ዱባይም ሁኑ ጅዳ ገናን ስራ ላይ ሆናችሁ የምታሳልፉ እህቶቼ፣ መልካም በዓል ይሁንላችሁ።

የዶሮው ሽንኩርት ሳይከተፍ ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ ስለ ልጆቼ ነው፣ ልጆቼ ስል ተማሪዎቼን ማለቴ ነው። አንድ የካቶሊክ ት/ቤት ውስጥ ግብረ ገብ እንደማስተምር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሁሌ ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ከልጆቹ ጋር አንድ ነገር እንጀምራለን፣ ቤተክርስቲያናችን ከምታስተምራቸው ሰባት ምግባራት እያንዳንዱ ልጅ አንዱን ይመርጣል፣ እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር፣ ማስተዋል፣ ፍትህ፣ ብርታት፣ ራስን መግዛት፣ ከዛ እስከ ገና ድረስ እሱን ይዞ ይኖራል፣ ማታ ማታ ደግሞ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል። በቃ ይኸው ነው። የመጨረሻዎቹ አራቱ በላቲን የተጠሩት የበር ማጠፊያ ከሚለው ቃል ነው፣ ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፣ አንዱ ተነስቶ የክላሱን በር ከፍቶ ዘግቶ አይቷል፣ ማጠፊያው ትንሽ ነው በሩ ግን በሱ ነው የሚዞረው።

ክላሴ ውስጥ ካቶሊኮቹ ጥቂት ናቸው፣ ያው በ1999ኙ የህዝብ ቆጠራ በሀገር ደረጃም 0.7 በመቶ ነበርን፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ፣ ሙስሊም አለ። አንዷ ሙስሊም ተማሪዬ ፍትህን መርጣ "ሚስ፣ ይሄ እኮ ቁርኣን ውስጥም አለ" አለችኝ፣ አለ አልኳት፣ አብረን ደስ አለን። በነጋታው የታክሲው ረዳት አስር ብር አብልጦ መልሶላት ከወረደች በኋላ ሮጣ ደርሳበት እንደመለሰች የሰማሁት ከሷ ሳይሆን አብራት ከነበረች ጓደኛዋ ነው።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው አመት ላይ ደብተሩን ሰብስቤ አንብቤ ከ10 ማርክ ሰጠሁበት፣ ልጆቹ እንዲበረታቱ ብዬ ነው። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ግማሹ ክላስ አንድ አይነት ታሪክ ጻፈልኝ፣ ሽማግሌ መንገድ ማሻገር፣ ለተቸገረ ዳቦ መስጠት፣ እያንዳንዱ ቀን በድል ነው የሚያልቀው። አንድም ቦታ ላይ "ዛሬ ተናደድኩ" የሚል የለም። ያን ቀን ማታ አልቅሻለሁ፣ ምክንያቱም ልጆቹን በምግባር ስም መዋሸት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ጌታ "ቀኝህ የምትሰራውን ግራህ አትወቅ" ያለውን እኔ በማርክ ገዛሁት። ከዛ ወዲህ ማርክ የለም፣ እኔም አላነብም፣ ራሱ ልጁ ማሳየት ከፈለገ ብቻ ነው የማየው።

ማታ ላይ የሚያደርጉትን የኅሊና ምርመራ የተማርነው ከቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ወታደር የነበረ ሰው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ማመስገን፣ ቀጥሎ ብርሃን መለመን፣ ከዛ ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ መልሶ መሄድ፣ የወደቁበትን ይቅርታ መጠየቅ፣ ስለ ነገ ማሰብ። ምስጋናው መጀመሪያ ላይ ይሁን ብዬ በጣም ነው የምከራከረው፣ ከጥፋቱ የሚጀምር ልጅ ሶስተኛው ቀን ላይ ደብተሩን ይዘጋዋል፣ አይቼዋለሁ።

ዘንድሮ ስለ ብርታት ሳስተምር የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ነገርኳቸው፣ የጎጃሙን ሊቅ መነኩሴ፣ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩትን፣ በ1855 እ.ኤ.አ. በሰንሰለት እንደታሰሩ ያረፉትን፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ የተባሉትን። ክላሱ ጸጥ አለ። ከዛ አንዷ እጇን አውጥታ "ሚስ፣ እኛን እኮ ማንም አያስረንም፣ ታዲያ ለኛ ብርታት ምንድነው?" አለች። መልስ አልነበረኝም፣ ፈልጊው ብቻ አልኳት። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሂሳብ ፈተና ተመለሰ፣ ስትደምረው 4 ማርክ ተጨምሮላታል፣ ማንም አላየም፣ እሷ ግን ወረቀቱን ይዛ አስተማሪው ጋ ሄደች። "እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር ሚስ" ነው ያለችኝ። ደረጃዋ ወርዷል፣ ቤት ውስጥም አንቺ ምን አገባሽ ተብላለች። ያን ቀን ለጥያቄዋ መልሱን ያመጣችው ራሷ ናት።

ገና ሲመጣ ሁላችንም ግርግሙን እናያለን፣ እኔ ግን ከልጆቹ ጋር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ የሚገርመኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ሉቃስ "በጥበብና በቁመት ያድግ ነበር" ይለናል፣ ከዛ እስከ ሰላሳ አመቱ ድረስ ዝም። ናዝሬት ውስጥ እንጨት ሲሰራ፣ እናቱን ሲታዘዝ፣ ከጎረቤት ጋር ሲኖር። አምላክ አብዛኛውን ምድራዊ እድሜውን ማንም ባልጻፈው የሰርክ ኑሮ ካሳለፈ የኛ ልጆች ታክሲ ውስጥና ፈተና ላይ የሚያደርጉት እንዴት ትንሽ ነው ይባላል? አይባልም፣ እኔ አልልም።

አንድ ልጅ አለኝ፣ እሱን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ራስን መግዛት ነው የመረጠው፣ ታናሽ ወንድሙ ላይ ይጮሃል፣ ዕቃውን ሲነካበት ይመታዋል። ደብተሩን ራሱ አምጥቶ አሳየኝ፣ ሰባት ቀን ሙሉ "ዛሬም አልቻልኩም"፣ "ዛሬም አልቻልኩም"፣ ከስሩ ደግሞ በየቀኑ አንድ የምስጋና መስመር አለ፣ ስለ ምሳ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ እናቱ። ሚስ እኔ አይሆንልኝም መሰለኝ ልቀይረው እንዴ አለኝ። አትቀይር አልኩት፣ እኔ ከዚህ የበለጠ እውነት የተጻፈበት ደብተር አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት እናቱን የት/ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። "የኔ ልጅ ምን ነካው?" አሉኝ። ደነገጥኩ። ጩኸቱን አልተወም አሉኝ፣ ግን ማታ ማታ ያቺን ደብተር ጽፎ ሲጨርስ መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት ወደ ትንሹ አልጋ ሄዶ ብርድ ልብሱን ያስተካክልለትና ይቅርታ ይለዋል፣ ትንሹ ደግሞ ያንን ካልሰማ አሁን አይተኛም።